አደጋ የደረሰበት አርሶ አደር የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኝበት መንገድ

በኢትዮጵያ ገጠር አደጋ ለደረሰበት አርሶ አደር የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ በዋናነት በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ነው፤ ዝናብ ሲቀር፣ ጎርፍ ማሳ ሲጠርግ፣ በረዶ ወይም ውርጭ አዝመራ ሲመታ ለዚያው ወቅት የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው በሕዝብ አፍ ሴፍቲኔት የሚባለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው፤ ከዓመት ዓመት እህሉ ለማያደርሰው ቤተሰብ በተወሰኑ ወራት በየወሩ የሚከፈል ነው። ሁለቱም የሚተላለፉት በወረዳ በኩል ነው። ማን እንደሚያገኝ የሚለየው ግን ከወረዳው ዝቅ ብሎ በቀበሌና በጎጥ ስለሆነ፣ ድጋፍ የሚፈልግ ቤተሰብ ጉዳዩን የሚጀምረው ከጎጡ ነው።

ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር በየዓመቱ መኸሩ ከታየ በኋላ የእርዳታ ጥሪ ማቅረብ ነበር፤ እህሉ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ያደረገው ድርቅ ይህ አካሄድ እንደማያዛልቅ አሳየ። በየዓመቱ እንደሚቸገር አስቀድሞ የሚታወቀውን ቤተሰብ ከድንገተኛ ተረጂ ለይቶ፣ መጠኑና ወሩ የታወቀ ክፍያ መስጠት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙ በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ይዞ ተነሣ፤ በኋላ አፋርና ሶማሌ ተጨምረው ቁጥሩ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠጋ። የሚመራው የግብርና ሚኒስቴር ነው። ጥሬ ገንዘቡ በገንዘብ ሚኒስቴር መሥመር ይወርዳል፤ የእርዳታውን እህል የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ነው።

ሁለቱ ድጋፎች የሚደራረቡ አይደሉም። በመርሁ መሠረት ሴፍቲኔት የሚከፈለው ቤተሰብ ለዚያው ወር የአስቸኳይ እርዳታ አይጨመርለትም። ድርቁ ከበረታና የሴፍቲኔቱ ወራት አልቀው ችግሩ ካልተወገደ ግን ክፍያው እንዲራዘም፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልታቀፉ ቤተሰቦች ለጊዜው እንዲገቡ ሊወሰን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ ከሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሌላ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የአስቸኳይ እርዳታ አስፈልጓቸው ነበር።

ጉዳትን ማስመዝገብ

አዝመራው የጠፋበት ገበሬ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ነው፤ ቀጥሎ የቀበሌው ሊቀ መንበር። ጉዳቱ በቃል ተነግሮ እንዳይቀር በቀበሌው መዝገብ መስፈሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሚመዘገበው ነገር ዝርዝር በሆነ መጠን ይጠቅማል፦ የማሳው ስፋት፣ ምን እንደተዘራበትና መቼ እንደተዘራ፣ በደህና ዓመት ስንት ኩንታል ይገኝበት እንደነበርና አሁን ስንት እንደቀረ፣ የሞቱ ወይም በችግር የተሸጡ ከብቶች፣ የፈረሰ ቤት ወይም ውኃ የገባበት ጎተራ ካለም እሱ። ጎርፍ የጠረገው መሬት እንደገና ሳይታረስ፣ በረዶ የመታው ሰብል ለከብት ሳይታጨድ ባለሙያ ቢያየው ይመረጣል። መጠበቅ ካልተቻለ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍና ሁለት የጎረቤት ምስክር ይበጃሉ።

የአንድ ጎጥ ሰዎች ጉዳታቸውን በአንድነት ቢያቀርቡ ከተናጠል አቤቱታ ይልቅ ይሰማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከቀበሌ የሚነሣው መረጃ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች ተጠናቅሮ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ኮሚሽኑ የሚሄደው በቀበሌና በወረዳ ድምር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከበልግ ሌላው ከመኸር ወቅት በኋላ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤቶችና ከእርዳታ ድርጅቶች የተውጣጡ ቡድኖች ወረዳ ድረስ ወርደው ሁኔታውን ያጠናሉ። ጥናቱ እያንዳንዱን ማሳ አይደርስም። ቡድኑ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚጠይቅ በአብዛኛው የሚመራው ወረዳው አስቀድሞ ባለው መረጃ ስለሆነ፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ጉዳት የመታየት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ጉዳትን አጋንኖ ማቅረብ የሚጠቅም ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። አጥኚዎቹ የገበያ ዋጋን፣ የግጦሽንና የውኃን ሁኔታ፣ በጤና ጣቢያ የተመዘገቡ የተጎዱ ሕፃናትን ቁጥር አንድ ላይ ያመዛዝናሉ። ከዚህ ጋር የማይገጥም ቁጥር ሲያገኙ የሚቆርጡት የአንዱን ሰው ድርሻ ሳይሆን የቀበሌውን በሙሉ ነው፤ በእውነት የተጎዳው ጎረቤት አብሮ ይጎዳል።

እርዳታ ሲፈቀድ ሙሉው ወርሃዊ ድርሻ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ የምግብ ዘይት ነው። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች አልሚ ምግብ የሚታከልበት ጊዜ አለ። አቅርቦት ሲያጥር ድርሻው ይቀንሳል፤ እርዳታው የሚታደለውም በዙር ስለሆነ በየወሩ አይደርስ ይሆናል። ስለዚህ በእደላ ቦታ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «የዚህ ዙር ድርሻ ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ ነው?» የሚል ነው። ይህ ቁጥር በአደባባይ መነገር አለበት፤ ሳይነገር የሚጀመር እደላ ለመጉደል የተመቸ ነው። በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ለታሰበለት ሰው ሳይደርስ በሌላ እጅ መግባቱ በመታወቁ የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ለወራት የምግብ እርዳታ አቁመው ነበር። እንደገና ሲጀመር የተረጂዎች ምዝገባና ማንነት ማረጋገጫ ጠብቋል፤ መታወቂያውን ያላደሰ ወይም ስሙ በመታወቂያውና በመዝገቡ ላይ የተለያየ ሰው በእደላ ቀን ሊቸገር ይችላል።

የሴፍቲኔት ምልመላ

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚያሻው ደረጃ ይህ ነው። በኋላ የሚነሡት አብዛኞቹ ቅሬታዎች መነሻቸው እዚህ ነው፤ በወቅቱ ሲነሡም ለማረም የሚቀሉት እዚህ ነው።

ሴፍቲኔት ውስጥ ለመግባት ቤተሰቡ የዚያው ቀበሌ ነዋሪ መሆን አለበት። ዋናው መመዘኛ በተከታታይ 3 ዓመታት በዓመት 3 ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያጋጠመው መሆኑ ነው። ጥሪቱን ባንድ ጊዜ ያጣ፣ ለምሳሌ በሬዎቹ በድርቅ ያለቁበት ወይም መሬቱ በጎርፍ የተወሰደበት ቤተሰብም ይታያል። ጧሪ ዘመድ የሌለው፣ ከከተማ ወይም ከውጭ አገር ገንዘብ የማይላክለት መሆኑ አብሮ ይመዘናል። የመሬት ስፋት፣ የከብት ብዛት፣ ከእርሻ ውጭ የሚገኝ ገቢ ለማነጻጸሪያ ያገለግላሉ።

ምልመላውን የሚያካሂደው በጎጥ የሚቋቋመው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። በውስጡ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ነዋሪው የመረጣቸው ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች ይኖራሉ። ይህ ኮሚቴ ዝርዝሩን አዘጋጅቶ በነዋሪው ስብሰባ ፊት ያነባል፣ አስተያየት ይቀበላል፣ ከዚያ ወደ ቀበሌው ግብረ ኃይል ያሳልፋል። ቀበሌው ለወረዳው፣ ወረዳው ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያጸድቃል። ዝርዝሩ የሚከለሰው በአብዛኛው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ክፍያው የሚገኝበት የማኅበረሰብ ሥራ በጥር ስለሚጀመር ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። በእነዚያ ሳምንታት ለቀን ሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ከቀበሌው የሚርቅ ሰው በስብሰባው የሚናገርለት ሰው አስቀምጦ ቢሄድ ይሻለዋል።

ኮሚቴው ነጻ እጅ እንደሌለውም መታወቅ ይገባዋል። ከወረዳ የተወሰነ ኮታ ይሰጠዋል፤ ኮታው ደግሞ ከችግረኛው ቁጥር ያንሳል። በዚህ ጥበት ውስጥ በየቦታው የሚታይ አንድ ልማድ አለ፦ ብዙ ሰው ለማዳረስ ሲባል የቤተሰብ አባላት ቁጥር ይቀነሳል፤ 5 ሰው ያለው ቤት 2 ሰው ተብሎ ይመዘገባል። ሐሳቡ የመጣው ከመተዛዘን ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ መብላት ያውቃል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። የ2 ሰው ክፍያ 5 ሰው አያደርስም፤ ቤተሰቡ በክረምት መግቢያ ፍየሉን ወይም ላሙን ይሸጣል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያው ዝርዝር አይወጣም። የፕሮግራሙ መመሪያ የተመለመለ ቤተሰብ ከነሙሉ አባላቱ እንዲመዘገብ ያዛል። ከጊዜ በኋላ የተጨመረው ገደብ በአንድ ቤት የሚቆጠሩት ሰዎች ከ5 እንዳይበልጡ ነው። ስለዚህ 4 ሰው ያለው ቤት 4፣ 7 ሰው ያለው ቤት 5 ተብሎ መጻፍ አለበት። ከዚህ ያነሰ ቁጥር ሲነበብ በስብሰባው ላይ መናገር የቤተሰቡ መብት ነው።

በዝርዝር ላይ የሚዘነጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት፣ ከወላጆቹ ጎጆ ወጥቶ መሬት ያላገኘ ወጣት፣ ከጎጡ ዳር የሚኖር የአካል ጉዳተኛ፣ ከሌላ ቀበሌ በጋብቻ የመጣች ሚስት። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሚስት ባለው ቤት እያንዳንዷ ሚስት ከነልጆቿ ራሷን እንደቻለ ቤተሰብ ልትመዘን ይገባል፤ ባልየው ካንዷ ጋር በመመዝገቡ የሌላዋ ልጆች ከስሌት መውጣት የለባቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እነዚህን ቤቶች ከማንም በተሻለ ታውቃለች። የራሱን ነገር በስብሰባ መሐል ለመናገር የሚያፍር ሰው አስቀድሞ ለእሷ ቢነግራት ጉዳዩን ወደ ቀበሌው ግብረ ኃይል ልታደርስለት ትችላለች።

የጸደቀው ዝርዝር ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ይለጠፋል። ስሙ ያልተካተተ፣ የቤተሰቡ ቁጥር የጎደለበት ወይም የማይገባው ሰው ገብቷል የሚል ነዋሪ ሳይውል ሳያድር ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። የዚህ ኮሚቴ አባላት ዝርዝሩን ካዘጋጀው ግብረ ኃይል የተለዩ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ መራጩ ራሱ ዳኛ ከሆነ ቅሬታው ዋጋ የለውም። አቤቱታው በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ተናግሮ በቅሬታ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍርለት ያደርጋል። «እኔም ችግረኛ ነኝ» ከሚል አቤቱታ ይልቅ በመመዘኛው ቋንቋ የቀረበ አቤቱታ ይደመጣል፦ ስንት ጥማድ መሬት እንዳለው፣ ስንት በሬና ላም እንዳለው፣ እህሉ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ፣ በቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና ስንቱ መሥራት እንደሚችል። የቀበሌው መልስ ካላረካ ጉዳዩ ለቀበሌ ምክር ቤት፣ ከዚያም ለወረዳው ይቀርባል።

የተጠቃሚ ካርድ

የተመለመለ ቤተሰብ የተጠቃሚ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ በነጻ ነው፤ ለማተሚያ፣ ለፎቶ ወይም ለቀበሌ መዋጮ ተብሎ በእሱ ምክንያት ገንዘብ መጠየቅ የለበትም። ባልና ሚስት ባሉበት ቤት የሁለቱም ስም ይሰፍርበታል፤ ይህም ክፍያውን ከሁለቱ ማንኛቸውም ሄደው እንዲቀበሉ ያስችላል። ካርዱ ሲደርስ ወዲያው መታየት ያለበት የስም አጻጻፍና የቤተሰብ ቁጥር ነው፤ ስሕተቱ በክፍያ ቀን ከተገኘ ያን ወር ማስተካከል አይቻልም ማለት ይቻላል። የተጠቃሚው መብትና ግዴታ በካርዱ ጀርባ ታትሟል፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ቢያነብላቸው ከዚህ በታች የሚነገረውን አብዛኛውን ነገር እዚያው ያገኙታል።

ካርዱን በዋስትና ማስያዝ፣ ለነጋዴ ወይም ለቡድን መሪ አስቀምጥልኝ ብሎ መስጠት አደገኛ ነው። በየወሩ የተከፈለው መጠን የሚጻፍበት ስለሆነ ክርክር ሲነሣ ቤተሰቡ በእጁ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።

ሥራውና ስሌቱ

መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ ክፍያውን የሚያገኘው በማኅበረሰብ ሥራ ነው። እርከን መሥራት፣ የተራቆተ ተራራ ከልሎ ችግኝ መትከል፣ ኩሬ መቆፈር፣ የገጠር መንገድ መጥረግ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ ክፍል መገንባት ከዚህ ይቆጠራሉ። ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት 6 ወራት ይካሄዳል፤ ገበሬው የራሱን ማሳ በሚያርስበትና በሚያርምበት ጊዜ እንዳይጋጭ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ሕፃንም ሆነ ሽማግሌ፣ በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። 5 ሰው ያለው ቤት በወር 25 ቀን ይሠራል ማለት ነው። ለአንድ ቀን የሚከፈለው 3 ኪሎ እህል ወይም ይህን ያህል እህል የሚገዛ ገንዘብ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ወርሃዊ ድርሻ 75 ኪሎ እህል ወይም ግምቱ ይሆናል። በእህል ሲከፈል ለአንድ ሰው በወር 4 ኪሎ ጥራጥሬ እንዲታከል ከፕሮግራሙ 4ኛ ምዕራፍ ጀምሮ ተደንግጓል። አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዲሠራ አይገደድም። ይህ ገደብ የሚጠቅመው መሥራት የሚችል ሰው ላነሰው ቤት ነው። ለምሳሌ 4 ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ብቻዋን 25 ቀን ልትሠራ አትችልም፤ የምትሠራው እስከ 15 ቀን ሲሆን ቀሪው 10 ቀን ሥራ በማይጠየቅበት ቀጥታ ድጋፍ ታስቦ ሙሉው የ5 ሰው ክፍያ ይሰጣታል። ይህን የማያውቁ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን በራሳቸው ቦታ ወደ እርከን ሥራ ይልካሉ። ልጆች በዚህ ሥራ መሰማራት የለባቸውም።

በገንዘብ ወይስ በእህል እንደሚከፈል የሚወሰነው በወረዳ ነው፤ የግለሰብ ምርጫ አይደለም። የአካባቢው ገበያ እህል የሚገኝበት ከሆነ ገንዘብ ይቀድማል። የቀን ክፍያው በ1997 ዓ.ም. 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. 8 ብር ሆነ። በዚያው ዓመት የእህል ዋጋ ስለናረ 8 ብር 3 ኪሎ መግዛት አቃተው፣ ብዙ ተጠቃሚዎችም በእህል ቢከፈላቸው መረጡ። ከዚህ ልምድ የተነሣ የብሩ መጠን በየዓመቱ በገበያ ዋጋ ጥናት ላይ ተመሥርቶ እንዲከለስ ተደርጓል። ተጠቃሚው የዓመቱን የቀን ክፍያ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጠይቆ ማወቅ አለበት፤ ያን ቁጥር ሳያውቅ የተቀበለው ትክክል መሆኑን ማመዛዘን አይችልም።

ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ እንደታወቀ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተናግራ ከጉልበት ሥራ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች፤ ከወለደች በኋላም ቢያንስ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው በዚያው ትቆያለች። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምታስታምም እናትም እንዲሁ። ክፍያቸው አይቀነስም። ከእነሱ የሚጠበቀው የእርግዝና ክትትል ማድረግና ስለ ሕፃናት አመጋገብ በሚሰጥ ትምህርት ላይ መገኘት ነው። ሌሎች ሴቶችም የቤት ኃላፊነት ስላለባቸው ወደ ሥራ ዘግይተው እንዲገቡና ቀድመው እንዲወጡ መመሪያው ይፈቅዳል። አረጋውያን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውና መሥራት የማይችሉ የአካል ጉዳተኞች፣ በቤታቸው ሠሪ ከሌለ፣ በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ። የእነሱ ክፍያ ሥራ የማይጠየቅበት ሲሆን ከ4ኛው ምዕራፍ ወዲህ በዓመት ለ12 ወራት እንዲሰጥ ተወስኗል።

ከሥራ ቦታ እስከ ክፍያ

ከአንድ ወር ሥራ እስከ ክፍያ ያለው መንገድ በወረቀት የተያያዘ ነው። በሥራ ቦታ በየቀኑ ስም ይጠራል፤ የቡድን መሪውና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የመገኛ መዝገብ ይሞላሉ። መዝገቡ ወሩ ሲያልቅ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ የምግብ ዋስትና ባለሙያዎች ከተጠቃሚው ዝርዝር ጋር አገናዝበው የክፍያ ሰነድ ያዘጋጃሉ፣ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት አጣርቶ ገንዘብ ያዦችን ወደ ቀበሌው ይልካል። በአንዳንድ ወረዳዎች የመጨረሻው ደረጃ በባንክ ሒሳብ ወይም በሞባይል ሆኗል። አንድ ቀን ያልተመዘገበ ሰው ስሕተቱ የሚታወቀው ከብዙ ሳምንት በኋላ በክፍያ ጣቢያ ነው፤ ገንዘብ ያዡም ከያዘው ሰነድ ውጭ መክፈል አይችልም። ስለዚህ ሥራ ላይ የተዋለበትን ቀን ሁሉ በቤት ውስጥ በራስ ደብተር መጻፍ፣ ወይም ወሩ ሳያልቅ ቡድን መሪው ምን ያህል ቀን እንደያዘ መጠየቅ ከብዙ ክርክር ያድናል። በሕመም ወይም በሐዘን የቀረ ሰው ምክንያቱን በዚያው ሳምንት ያስታውቃል፤ ከቤተሰቡ ሌላ መሥራት የሚችል ሰው ሊተካው ይችላል።

በክፍያ ቀን ካርዱና መታወቂያው ይያዛል። ገንዘቡ ከከፋዩ ፊት ሳይርቁ ይቆጠራል፤ መጠኑ በካርዱ ላይ መጻፉ ከታየ በኋላ ነው የሚፈረመው። እህል ከሆነ በሚዛን ወይም በታወቀ መስፈሪያ መሰፈሩን ማየት ያስፈልጋል። መምጣት የማይችል አረጋዊ ወይም የአካል ጉዳተኛ በቀበሌ የታወቀ ወኪል ይልካል፤ ወኪሉ በየወሩ ባይቀያየር ይመረጣል። በሞባይል የሚከፈለው ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ለወኪሉም፣ ገንዘብ ለሚያወጣለት ነጋዴም አይሰጥም።

ከክፍያው ላይ በምንጩ መቀነስ አይፈቀድም። ለመሬት ግብር፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለማኅበር ወይም ለቀበሌ መዋጮ ተብሎ ከጠረጴዛው ላይ የሚነሣ ብር መመሪያውን ይጥሳል። ዕዳ ያለበት ሰው ገንዘቡን በሙሉ ከተቀበለ በኋላ በራሱ ፈቃድ ይከፍላል። ሊቀነስ የሚችለው ሳይሠራ የቀረው ቀን ብቻ ነው።

ክፍያው ከጎደለ ቅሬታው የሚቀርበው ለዚያው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሲሆን፣ የሚጻፈው ነገር አጭርና የተለየ ይሁን፦ የቤተሰቡ አባወራ ወይም እማወራ ስም፣ የካርዱ ቁጥር፣ የትኛው ወር እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደተሠራ፣ ስንት እንደተከፈለና ስንት ሊከፈል ይገባ እንደነበር። ጉድለቱ ከመገኛ መዝገቡ የመጣ ከሆነ በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ይታረምና በሚቀጥለው ክፍያ ይካካሳል። ከወረዳ የመጣ ከሆነ የምግብ ዋስትና ባለሙያውን መጠየቅ ነው። የመላው ቀበሌ ክፍያ የዘገየ እንደሆነ በግል መመላለስ ጊዜ ከማባከን አያልፍም፤ ነዋሪው ጥቂት ሰው መርጦ ገንዘቡ የት እንደቆመ፣ መዝገቡ ከቀበሌ ያልወጣ ይሁን፣ ሰነዱ ወረዳ ላይ ያላለቀ ይሁን፣ ወይስ ከክልል ገንዘብ ያልወረደ ይሁን፣ ለይቶ ማወቅ አለበት። መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። የሰኔ ክፍያ በነሐሴ ቢደርስ የእህል ዋጋ ወጥቷል፣ ቤተሰቡም ወለድ ከፍሎ ተበድሯል።

ከሴፍቲኔት መውጣት

ክፍያው ጥሪት እንዳይሸጥ ይጠብቃል፤ ጥሪት ማፍራት የሚታገዘው በሌላ ክፍል ነው። ቤተሰቡ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተመካክሮ በሰብልና በከብት እርባታ፣ ከእርሻ ውጭ ባለ ሥራ ወይም በቅጥር ከሚሄዱት ሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። በግ ማደለብ፣ ዶሮና ንብ ማርባት፣ የአትክልት መስኖ፣ አነስተኛ ንግድ በብዛት የሚመረጡ ናቸው። ሥልጠና ይሰጣል፤ ከገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበር መበደር ይቻላል፤ መበደር ለማይደፍሩ በጣም ደሃ ቤተሰቦችም የማይመለስ ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ብድር የሚወስድ ሰው ዕቅዱን አንድ መጥፎ ዓመት ቢመጣ ምን እንደሚሆን አስቦ ቢያወጣ ይበጀዋል። በድርቅ ዓመት የተገዛ በሬ መኖ ካጣ ዕዳው ብቻ ይቀራል።

ቤተሰቡ ያለ ድጋፍ ዓመቱን መድረስ ሲችል ይመረቃል። ምረቃው የሚወሰነው እንደ ምልመላው ሁሉ በጎጥ ደረጃ በጥሪቱ ተመዝኖ ነው፤ ወረዳው ይህን ያህል ሰው አስመርቁ ብሎ በኮታ የሚያዝ ከሆነ ተጠቃሚው ተቃውሞውን በዚያው የቅሬታ መንገድ ማቅረብ ይችላል። ለምረቃ የተለየ ቤተሰብ በማግስቱ አይሰናበትም፤ መመሪያው አንድ ዓመት መሸጋገሪያ እንዲሰጠው ይላል። ከተመረቀ በኋላ እንደገና አደጋ የደረሰበት ቤተሰብ ጉዳቱን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያስመዘግባል፣ በሚቀጥለው ክለሳም እንደማንኛውም ነዋሪ በመመዘኛው ይታያል፤ አንድ ጊዜ መመረቁ ዳግም ከመመልመል አይከለክለውም።